አንጀት በወተት፣ በሁዳዴ ጾም

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጣልያን ጊዜ ነው። ሁዳዴ ተጋምሶ ነበር፤ የመጋቢት ፀሐይ አናት ትበሳለች። አሁን ፍኖተ ሰላም ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ሙቀት ሲበረታ ልጄ ፓስታ ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ በሱፍ ውኃ ታቀርባለች። ሆድ ይይዛል፣ ልብ ያርሳል። ጎረቤት መጥቶ «ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ሙያ ነው?» ሲላት «ከእናቴ» ትላለች። እኔም ዝም እላለሁ። ዝም ያልሁበትን ምክንያት እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርሁም። ይህን አንብባ ትቆጣኝ ይሆናል፤ ትቆጣ፣ ምን አባቷ ታመጣለች!

ያኔ ገና ሙሽራ ነበርሁ። አገራችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲወርዱ ነው። ባለቤቴ ምንውዬለት ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባና ከእናቱ ጋር ትቶኝ ሄደ። እናቱ ወይዘሮ የሺወርቅ ይባላሉ፤ እኔ እሜቴ ነበር የምላቸው። አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው የሚል ሰው እሜቴን አላወቀም። እኛ ሁለታችንም እሳት ነበርን። በውኃ ቀጂ፣ በእንጨት ልቀሚ ስንነታረክ እንውላለን፤ ማታ ደግሞ እግራቸውን ካላጠብሁላቸው እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እሳቸውም እኔ ካልጎረስሁ አይጎርሱም። ነፍሳቸውን ይማር፣ እንደሳቸው የምወደው ሰው አልነበረኝም።

ጣልያን የአርበኛ ቤት እየመረጠ ማቃጠል ሲጀምር የእኛም ተራ ደረሰ። ወታደሮቹ ሲመጡ እኛ ገደል ውስጥ ተደብቀን ጭሱን አየን። ስንመለስ ቤቱ የለም። ማጀቱ የለም። የተረፈው ትልቁ ጎታ ብቻ ነበር። ጎታ ከጭቃ ስለሚሠራ እሳቱ ይብሱን አጠነከረው። ውስጡ የነበረው ጤፍ ግን ከሰል ሆኗል። እሜቴ እጃቸውን ከተው ዘገን አድርገው አወጡና አሸተቱት፤ ከዚያ «በይ ተነሽ፣ ዳስ እንቀልስ» አሉኝ። ሲያለቅሱ አላየኋቸውም። እኔ ግን እሪ ብዬ ነው ያለቀስሁት።

ዳስ በጋን ያሳልፋል፤ ክረምትን አያሳልፍም። የዚያ አገር ዝናብ ሲጀምር የሚያሳዝነው ሰው የለም። ወንድ የሌለን ሁለት ሴቶች ቤት ልናቆም የምንችለው በደቦ ብቻ ነው። ደቦ ደግሞ በባዶ አይጠራም። ቀኑን ሙሉ የሠራልህን ሰው ሆዱን ሞልተህ ካልሸኘኸው፣ ሌላ ቀን በሬህ ገደል ቢገባ የሚያወጣልህ አታገኝም። ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ ሰዉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ነው የሚሠራው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታዲያ የሚቀርብለት ነገር የሚያጠግብ መሆን አለበት።

እኛ ምን አለን? እሜቴ አስቀድመው በቅል ሞልተው ካጥር ሥር የቀበሩት ሱፍ ነበር። አብራው የተቀበረች የዘር እፍኝ ጤፍ ነበረች፤ እሷ አትነካም። ድስቱን፣ ሰፌዱን፣ ዘነዘናውንና ማሰሮውን፣ ቅመሙን ጭምር፣ ከጎረቤት ነው የተዋስነው። ሌላው ምንውዬለት የላከው ሣጥን ነው። አርበኞቹ በደምበጫ መንገድ የጣልያን ስንቅ ማርከው ሲካፈሉ ለእሱ የደረሰው ያ ሣጥን ነበር። ያመጣልን ሰው «የጣልያን እህል ነው፣ ቀቅላችሁ ብሉ ብሏል» አለንና ሄደ።

ሣጥኑን ስንከፍተው እንደ ስንደዶ የቀጠነ፣ የደረቀ፣ ረጃጅም ነገር ተሰድሯል።

«ስፌት ልስፋበት ነው?» አሉ እሜቴ።

ዛሬ ፓስታ የምትሉት ነው። እኛ ከየት እናውቀዋለን! እሜቴ መጀመሪያ ጥቂቱን ሰባብረው ሰፌድ ላይ አደረጉና አበጠሩት። አንድ እብቅ፣ አንድ ገለባ አልወጣም። «እብቅ የሌለው እህል ምን ዓይነት ጉድ ነው?» እያሉ ቢያነፍሱት ቢያነፍሱት ያው ነው። ከዚያ እኔ እንደ ንፍሮ ጣድሁት። ባቄላ ስንት ጊዜ ቀቅያለሁ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ጥጄ፣ እንጨት ጨምሬ፣ ረጅም ጊዜ አንተከተክሁት። ስከፍተው ሙጫ ሆኗል። ማማሰያው እንደቆመ ቀረ።

እሜቴ አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ግድ የለሽም፣ ለግድግዳ ምርጊት ይሆናል» አሉ።

ሳቅሁ እንጂ ውስጤ አሮ ነበር። ደቦው በማግሥቱ ነው። ሰው ተጠርቷል፤ የንስሐ አባታችን ቄስ ጥላሁንም ሊባርኩ ይመጣሉ። ደቦው ቢቀር ክረምቱን በዳስ ልናሳልፍ ነው፤ እሜቴ ደግሞ በዚያ ጊዜ ሳል ጀምሯቸው ነበር። ክረምቱን እንደማይወጡት እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ አንነጋገርበትም እንጂ።

እንዲህ ድስት ከበን ቆመን ሳለ ካጥሩ በኩል «አደይ፣ ውኃ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ በትግርኛ እናቴ ማለቱ ነው።

አስካሪ ነው፤ ጣልያን ከኤርትራ መልምሎ ያዘመተው ወታደር። የጣልያን ወታደር ልብስ ለብሷል፣ ጠመንጃ አንግቷል፤ ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቋል። እኔ ዘነዘና አነሣሁ። እሱ ግን ጠመንጃውን አውርዶ እሜቴ እግር ሥር አኖረና እጁን ዘረጋ።

«ከቡሬ ምሽግ ከድቼ ነው። ካርበኞች ልቀላቀል ነው። ስሜ ተስፋይ ነው፤ አገሬ ሐማሴን» አለ። አማርኛው ጠንከር ጠንከር ይላል፤ አነጋገሩ ግን ትሑት ነው።

«ውሸቱን ነው እሜቴ! ሊሰልል ነው!» አልሁ።

እሜቴ ረጅም ጊዜ አዩት። አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ አዩ። ከዚያ «ዘነዘናውን አስቀምጭና ውኃ ስጪው። የተጠማ ሰው ይሰልላል እንዴ?» አሉኝ። ሰጠሁት፤ እያጉረመረምሁ ነው የሰጠሁት።

ውኃውን ጠጥቶ ዓይኑ ድስቱ ላይ ዐረፈ። ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁ አመለጠው። እኔ ደሜ ፈላ። «ምን ያስቅሃል?» ስለው አፉን በእጁ ይዞ «እኅቴ፣ ይቅርታ፤ ይኼ እኮ እንደ ባቄላ አይቀቀልም» አለ።

ምሽግ ውስጥ የወጥ ቤት ሥራ ሲያግዝ እንደነበረ ነገረን። ውኃው ብዙ ይሁን አለ፤ ሳይፈላ አትጨምሩት፤ ለስለስ ሲል ቶሎ አውጡት፤ ውኃውን ድፉና በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፣ ያኔ አይያያዝም። ምጽዋ ሳለ፣ በዚያ በረሃ፣ ጣልያኖቹ ሙቀት ሲጠናባቸው አቀዝቅዘው በዘይትና በሎሚ ይበሉት እንደነበርም ነገረን።

«ቀዝቅዞ ይበላል?» አሉ እሜቴ፤ ዓይናቸው በራ።

እንዲህ ያሉበት ምክንያት አለ። በዚያ ጊዜ ቀን እሳት ማንደድ አይቻልም ነበር። አይሮፕላን ጭስ ባየበት ቦምብ ይጥላል። እኔ ያን ንፍሮ የቀቀልሁት እንኳ ጭሱ እንዳይወጣ በደረቅ እንጨት፣ ዛፍ ሥር ተደብቄ፣ ነፍሴ ወጥታ ነው። ሰው ሲሆን የሞተር ድምፅ ሲሰማ ጥሻ ውስጥ ይገባል፤ ጭስ የት ይገባል? ሃያ ለሚሆን ሰው ቀን ማብሰል ማለት ቦምብ መጥራት ነው። ጎህ ሲቀድ ተቀቅሎ ቀን ቀዝቅዞ የሚበላ ነገር ግን ከሰማይ የወረደ ነበር።

«ዘይት የለንም» አለ ተስፋይ።

«ሱፍ አለን» አሉ እሜቴ። «እንጀራ በሱፍ ውኃ የምንፈተፍተው ለዚሁ ሙቀት አይደል? እንጀራው ቢጠፋ ይህን እንፈትፍት።»

እኔ አንድ ነገር ቀረኝ። «እንቁላል አለበት? ሥጋ ነገር?» አልሁት።

«የለበትም። ዱቄትና ውኃ ነው። እንቁላል ያለበት ሌላ ነው፤ ምሽግ ውስጥ እኛ ጿሚዎቹ ለይተን የምንበላው ይኼን ነው» አለና ማተቡን ያዘ።

ጎህ ሳይቀድ ቀቀልነው። ውኃውን ስንደፋ እሜቴ «የእህል ውኃ ይደፋል እንዴ!» ብለው ሊከለክሉኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ተዉት። ከምንጭ በቀዳሁት ቀዝቃዛ ውኃ አጠብነውና ተፈታቶ ሲወርድ ሁለታችንም «እሰይ!» አልን። ሱፉን ለብ አድርገን ወቀጥን፣ በውኃ በጥብጠን አጠለልን፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጨው ጨመርን። ማሰሮዎቹን ጥላ ሥር በእርጥብ ቅጠል ሸፈንናቸው። ቀመስሁት። እውነቴን ነው፣ ደነገጥሁ። ጥሩ ነበር።

ሰው ሳይመጣ ተስፋይን ደበቅነው። የት? ጎታው ውስጥ። ያ ባዶ ጎታ ሰው ይይዛል። ለደቦ የሚመጡት ሰዎች እያንዳንዳቸው ወይ ሰው ሞቶባቸዋል ወይ ቤት ተቃጥሎባቸዋል፤ የአስካሪ ልብስ ቢያዩ ቃል ሳይተነፍስ ይቆራርጡታል። ማታ ጨለማን ተገን አድርጎ ወደ ጫካው ሊሄድ ተስማማን።

ሰዎቹ መጡ። ምሰሶ ተተከለ፣ ማገር ታሰረ፣ ጣሪያው ተዋቀረ። እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ወንዶቹ እየተፎካከሩ፣ እየተሳደቡ፣ እየሳቁ ይሠራሉ። ፀሐዩ ግን ምሕረት የለውም፤ ምራቃቸው ደርቋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ዛፉ ሥር ተቀመጠ። የቀረው ሣር መክደኑና ጭቃው ነው። ከበሉ ይጨርሱታል፤ ካልበሉ ያልቅልናል።

እኔና እሜቴ ገበታውን አቀረብን። ክዳኑን አነሣሁ።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

ወንድሙን ጣልያን የገደለበት፣ ደመላሽ የሚባል ጎልማሳ አጎንብሶ አየ። ነጭ ውኃ ውስጥ የተጠማዘዘ፣ የሚያንሸራትት፣ ረጅም ነጭ ነገር። ከዚያ ብድግ አለና «አንጀት ነው! የበግ አንጀት በወተት! በሁዳዴ!» ብሎ ጮኸ።

ጉድ ፈላ። አንዱ «እግዚኦ» ይላል፤ አንዱ አማተበ፤ ሌላው ትፍ ትፍ አለ። አይፈረድባቸውም፤ ሳየው ለካ እውነትም አንጀት ይመስላል! እኔ ቀምሼ እንኳ ያንን አላሰብሁትም ነበር።

«ሱፍ ነው! ሽታውን እኮ ታውቁታላችሁ!» አሉ እሜቴ።

ቄስ ጥላሁን አሸተቱት። «ውኃውስ ሱፍ ነው፤ አውቄዋለሁ። ውስጡ ያለውን ግን እኔም አላውቀው። ከየት የመጣ ነው የሺወርቅ?»

«የጣልያን እህል ነው አባ። ልጄ ማርኮ የላከው።»

«ጾም ለመሆኑ ማን መሰከረልሽ?»

እሜቴ ወደ ጎታው ሰረቅ አድርገው አዩ። ማን መሰከረልን እንበል? ጎታው ውስጥ ያለው አስካሪ እንበል?

«እኔ ለንስሐ ልጆቼ የማላውቀውን ባርኬ አላበላም» አሉ ቄሱ፤ እያዘኑ ነው ያሉት። ደመላሽ መጥረቢያውን አነሣ። ሌሎቹም ማጭዳቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እሜቴ የተራቆተውን ጣሪያ ቀና ብለው አዩና አሳላቸው። ያ ሳል ልቤን በላው።

ያኔ ከጎታው አፍ ላይ የሰው ራስ ብቅ አለ።

አንድ ሰው ወደ ኋላው ወደቀ። ተስፋይ ጥቀርሻ በጥቀርሻ ሆኖ፣ በከሰል ተነክሮ፣ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ወጣ። «እኔ ነኝ የመሰከርሁት!» አለ። «ዱቄትና ውኃ ነው። አባ፣ እኔም ጿሚ ነኝ። በማተቤ!»

«ባንዳ!» አለ ደመላሽ፤ መጥረቢያው ተነሣ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ስከፍት እሜቴ ከመካከል ገብተዋል። ከገበታው አንድ ጭብጥ አፍሰው ወደ ተስፋይ አፍ ወሰዱ። እንጀራ አይደለ፣ የት ይጠቀለላል! ግማሹ አፉ ገባ፣ ግማሹ በአገጩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሱ በፍርሃት ዓይኑን አፍጦ ሱርር አድርጎ ሲስበው የሱፍ ውኃው የቄሱ ጺም ላይ ተረጨ። አንድ ሰው ፍርፍር አለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ቄሱ ራሳቸው ጺማቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

«ከቤቴ ጎርሷል! እሱን የነካ እኔን ነክቷል!» አሉ እሜቴ።

«የትኛው ቤት እትዬ?» አለ ደመላሽ፤ መጥረቢያው ገና አልወረደም።

«ይኸው አሁን በልታችሁ የምትጨርሱልኝ ነዋ!»

መቼም ደመላሽም ሰው ነው፤ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። መጥረቢያውን ጣለ። ቄስ ጥላሁን ተስፋይን ጠጋ ብለው ማተቡን አዩ፣ ስመ ክርስትናውን ጠየቁ፣ ጸሎት አስደገሙት። ቃል ሳያዛንፍ ደገመላቸው። ከዚያ ባረኩና መጀመሪያ እሳቸው ጎረሱ። አላምጠው፣ አላምጠው «ሱፍ ፍትፍት ነው እኮ፤ እንጀራው ብቻ ነው የሸሸው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ምኑን ልንገራችሁ! ማሰሮው ተላሰ። በዚያ ሐሩር ቀዝቃዛው ሲወርድላቸው ፊታቸው ሲፈታ ይታየኝ ነበር። ደመላሽ ሁለት ጊዜ አስጨመረ፤ አፍሮ ቀና አላለም። ተነሥተው ሣሩን ከደኑ። ተስፋይም ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ረገጠ። እሜቴ አጠገቡ ቆመው «እዚህ ጋ ጨምር፣ ያ አልላመም፣ ድገመው» እያሉ እስኪመሽ አላሳረፉትም። እኔ እንኳ አዘንሁለት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ተበተነ። ተስፋይ ጠመንጃውን ይዞ ሊሰናበት መጣና እሜቴ እግር ላይ ተደፋ።

«አደይ፣ ሳልነግርዎ ብሄድ አይሆንልኝም። ይኼን ቤት ያቃጠልነው እኛ ነን። ክብሪቱን የጫርሁት እኔ ነኝ። ታዝዤ ነው፤ ግን እጁ የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የከዳሁትም ለዚያ ነው።»

እኔ ያቺን ዘነዘና ፍለጋ ዞርሁ። እሜቴ ግን አልተነቃነቁም።

«አውቄአለሁ» አሉት። «መንገደኛ ውኃ የሚለምነው ቤት ካለበት መንደር ነው። አንተ ግን ቤቶቹን ሁሉ አልፈህ አመድ ላይ መጣህ። ለምን መሰለህ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ያስረገጥሁህ?»

ልጁ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እሜቴ ከመሬት አነሡትና «ሂድ። ልጄን ስታገኘው እናትህ ቤት አላት በለው። ሌላውን አትንገረው» አሉ።

እኔ ለብዙ ቀን እሜቴን አኮረፍሁ። «አበላነው፣ አዳንነው፣ እሱ ያቃጠለን!» ብዬ ጮህሁባቸው። እሳቸው «አንቺ ሳትሞቺ ታውቂዋለሽ፤ እስከዚያ አፍሽን ያዢ» አሉኝና በጾሙ አስማሉኝ።

ጣልያን ወጥቶ ምንውዬለት በደኅና ሲገባ በአፉ ላይ የነበረው ስም ተስፋይ ብቻ ነበር። ተስፋይ እንዲህ ተኮሰ፣ ተስፋይ ስቆስል ተሸከመኝ፣ ተስፋይ ወደ አገሩ ሲሄድ አለቀስሁ። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ይህን ሲያወራ እኔና እሜቴ ዓይን ለዓይን እንጋጠምና ወደ መሬት እናያለን። አንድ ቀን እሜቴ ሳቅ አመለጣቸው፤ ምንውዬለት ምን እንዳሳቃቸው ቢጠይቅ ቢጠይቅ አልነገሩትም። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። መሐላዬ አብሯቸው ሄዷል ብዬ ነው ይህን የጻፍሁ።

ተስፋይን ይቅር ብዬው እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ድፍን መልስ የለኝም። አንዳንድ ቀን ያ የከሰለ ጤፍ ይሸተኛል፣ እናደድበታለሁ። የእሜቴ ነገር ግን አሁን ገባኝ፤ በኖሩልኝና በነገርሁዎት እላለሁ። ሳሉ ለቀቃቸው፤ ከዚያም ብዙ ክረምት ኖሩ። እኔም ልጆቼን ሁሉ የወለድሁት በዚያ ቤት ነው፤ ሲወለዱ ተቀብለው ያቀፉልኝም እሳቸው ናቸው።